ሰፍሮ መቀበል፣ አጉድሎ መስጠት

የዛሬው ጽሑፋችን ከገበያ ጣሳ ይነሳና እስከ አውሮፓ ሸንጎ ይደርሳል። በአዳማም ሆነ በሞጆ ወይም በመቂ ገበያ ምስርና በርበሬ የገዛ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ጣሳ አለ። ከውጭ ሲያዩት ከሌላው ጣሳ አይለይም። ውስጡን ላየው ግን ቂጡ ተመትቶ ወደ ላይ ገብቷል። ባለቤቱ ከገበሬው ሲገዛ በዚህ ጣሳ አይሰፍርም። ለእናቶቻችን ሲሸጥ ግን ከጆንያው ሥር የሚያወጣው ይህንኑ ነው።

ከቅዱስ ቁርኣን ምዕራፎች አንዱ ስሙን ያገኘው ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው፤ ይኸውም ሱረቱል ሙጠፊፊን ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና በገቡ ጊዜ የከተማይቱ ሰዎች በስፍር ነገር እጅግ የከፉ ነበሩ። ይህ ምዕራፍ ከወረደ በኋላ ግን ስፍራቸውን አሳመሩ። አንድ ነገር ልብ በሉ። አላህ (ሱ.ወ) በዚህ ምዕራፍ የወቀሳቸው እንዲያው አጉዳዮችን ብቻ አይደለም። ከሰዎች ሲቀበሉ ሙሉ አድርገው የሚቀበሉትን፣ ለሰዎች ሲሰጡ ግን የሚያጎድሉትን ነው። ጥፋቱ ያለው በሁለቱ ስፍሮች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ» የማይባልበት ስብሰባ የለም። የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ፣ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ብራዚል ውስጥ በቤሌም ከተማ በተደረገው ጉባኤ ተወስኗል። እንግዶቹ ወደ ቤታችን ሊመጡ ነው ማለት ነው። ታዲያ የሙስሊም ቤተሰብ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል? አንዳንዶቻችን «የፈረንጆች ጉዳይ ነው» እንላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «የቂያማ ምልክት ነው፤ ምን ይደረጋል?» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ሁለቱም ከጥያቄው መሸሽ ነው። ነገሩን ቁርኣን ባስተማረን ሚዛን እንመዝነው፤ በመጀመሪያ እነሱን፣ ቀጥሎም ራሳችንን።

ለሠሩት መመስከር

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን አዞናል። ስለሆነም አውሮፓውያን ምንም አልሠሩም ብለን ብንጽፍ ሚዛን አጉዳዮቹ እኛ እንሆናለን።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ «አረንጓዴ ስምምነት» የተባለውን ዕቅድ አወጣ፤ በ2021 ደግሞ ግቡን ሕግ አደረገው። በሕጉ መሠረት ኅብረቱ የሚለቀውን በካይ ጋዝ በ2030 ከ1990ው መጠን ቢያንስ በ55 ከመቶ መቀነስ አለበት። በ2050 ደግሞ የሚለቀውና የሚመጠጠው እኩል መሆን ይኖርበታል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም፤ እስከ 2023 ድረስ መጠኑ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። የኢንዱስትሪውን ዘመን በድንጋይ ከሰል የጀመረችው እንግሊዝ እንኳ፣ ከሰል የሚያነደውን የመጨረሻ ኃይል ማመንጫዋን በሴፕቴምበር 2024 ዘግታለች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሆነን ግን ሌላ ነው። በኔዘርላንድ ዜጎች መንግሥታቸውን ከስሰው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2019 መንግሥት በካይ ጋዝን ቢያንስ በ25 ከመቶ የመቀነስ ግዴታ አለበት ሲል ፈረደ። በስዊዘርላንድ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው «ሙቀቱ ቀድሞ የሚገድለው እኛን ነው» በማለት መንግሥታቸውን ከሰሱ። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በእኛ ዘንድ «አሮጊት ምን አገባት?» ይባል ይሆናል። እነዚያ አሮጊቶች ግን መንግሥትን ሒሳብ ጠየቁ። ቃል የገባ ቁጥር ያስቀምጥ፤ ቁጥር ያስቀመጠ ቀን ይወስን፤ ቀኑ ሲደርስ ጠያቂ ይኑረው የሚለው ሥርዓት ሒሳብን ለሚያምን ሙስሊም እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ጉድለቱ የት ላይ ነው?

ይሁንና ይህ ሚዛን እውነተኛ የሚሆነው ሸክሙ ቀላል እስከሆነ ድረስ ነው። ሸክሙ ሲከብድ ጣሳው ይለወጣል።

በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 በነዳጅ ላይ ግብር ሲጨመር፣ ከከተማ ርቆ የሚኖረውና በአሮጌ መኪናው ሥራ የሚሄደው ሠራተኛ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ መንገድ ዘጋ። ባለጠጋው ከአገር ወደ አገር የሚበርበት አውሮፕላን ነዳጅ ግን ያን ጊዜም ግብር አልነበረበትም። በመጨረሻም የግብር ጭማሪው ቀረ። በ2024 መጀመሪያ ገበሬዎች ትራክተሮቻቸውን ይዘው ወደ ዋና ከተሞች ገቡ፤ የፀረ ተባይ መድኃኒትን በግማሽ ለመቀነስ የቀረበው ረቂቅ ሕግም ተሳበ። ከ2035 በኋላ ጭስ የሚያወጣ አዲስ መኪና አይሸጥም የተባለውንም፣ የኅብረቱ ኮሚሽን በዲሴምበር 2025 እንዲላላ ሐሳብ አቅርቧል። በ2040 በካይ ጋዝን በ90 ከመቶ እንቀንሳለን የሚለው አዲስ ግብ ላይ ሚኒስትሮቻቸው በኖቬምበር 2025 ሲስማሙ፣ ከዚያ ውስጥ እስከ 5 ከመቶ የሚሆነውን ከሌሎች አገሮች መግዛት ይቻላል ተባለ። በሌላ አነጋገር አውሮፓ ጭሱን እዚያ ታጨሳለች፤ ዛፉ ሌላ አገር ይተከልና በእነሱ ሒሳብ ይመዘገባል።

ይህ በራሳቸው ሕዝብ ላይ ያለው ነው። በእኛ ላይ ሲሆንስ? በ2009 በኮፐንሃገን ጉባኤ አፍሪካን ወክለው የተከራከሩት የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትራችን መለስ ዜናዊ ነበሩ። ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 ድረስ ለድሃ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማዋጣት ቃል ገቡ። 2020 ደረሰ፤ ገንዘቡ አልሞላም። የሞላው በ2022 መሆኑን የገለጹት የሀብታሞቹ አገሮች ድርጅት ራሱ ነው። ከተሰጠውም አብዛኛው ብድር ነው።

ብድር! ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ይህን በመንደራችን ዓይን እንየው። የጎረቤት ከብት ገብቶ ማሳህን በላው እንበል። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ካሣ ይከፈልህ ተባለ። ጎረቤትህ ግን ዓመታት አዘግይቶ መጣና «እህል ላበድርህ፤ ከነወለዱ ትመልሳለህ» አለህ። በየትኛው ሸሪዓ፣ በየትኛው ባህላዊ ሽምግልና ነው ይህ ካሣ የሚባለው? አፍሪካ በጠቅላላው በዓለም ላይ ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ ድርሻዋ 4 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። በ2024 በባኩ ጉባኤ ደግሞ ድሆቹ አገሮች 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ሲጠይቁ፣ እስከ 2035 ድረስ በዓመት 300 ቢሊዮን እንዲደርስ ተወሰነ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ሲቀበሉ ግን ስፍሩ ሙሉ ነው። ኅብረቱ በ2023 ባወጣው ሕግ ከዲሴምበር 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ አውሮፓ አይገባም። ቡናው የበቀለበት ማሳ በሳተላይት መለኪያ ተለይቶ መመዝገብ አለበት። ደን እንዲጠበቅ መጠየቃቸው ትክክል ነው፤ እንመሰክርላቸዋለን። ነገር ግን የጅማውና የጉጂው ገበሬ ማሳው ከጓሮ ብዙም የማይበልጥ፣ ስልኩም ከመደወያነት የማያልፍ ነው። ከእሱ የሚጠየቀው ማስረጃ እስከ እርምጃው ድረስ የተለካ ነው። ለእሱ የተገባው ቃል ግን አልተለካም። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ደግሞ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ለድሃው የዘገየው ካሣ እንደዚህ በሕግ የታወቀ ቀን እንኳ አልነበረውም።

ከደምበል ሐይቅ ዳር

አሁን ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። መቂን አልፈው ባቱ ሲደርሱ በስተግራ ደምበል ሐይቅ አለ፤ ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንለው ነው። በሐይቁ ዳር በረድፍ የተዘረጉት የላስቲክ ቤቶች የጽጌረዳ እርሻዎች ናቸው። አበባው በማታ ተቆርጦ በአውሮፕላን ተጭኖ ይሄዳል፤ ከአገራችን ከሚወጣው አበባ አብዛኛው የሚራገፈው በኔዘርላንድ ነው። «የፍቅረኞች ቀን» በሚሉት ሰሞን ፈላጊው ይበዛል።

ኔዘርላንድ ማለት ከላይ ያነሳነው ፍርድ የተፈረደባት አገር ነች። እዚያ በካይ ጋዝ ይቆጠራል። የሚቆጠረው ግን በዋናነት በድንበራቸው ውስጥ የሚወጣው ነው። ከደምበል የተቀዳው ውኃ፣ ወደ ሐይቁ የሚመለሰው መድኃኒት የነካው እጣቢ፣ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? በእነሱ መዝገብ የለም። በእኛ መዝገብ ደግሞ የሚጻፈው የውጭ ምንዛሪው ነው። አበባው በሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች፣ በተለይም ለእህቶቻችን፣ ሥራ መስጠቱ አይካድም። ቢሆንም እንጀራ ሰጥቻለሁ የሚል ሁሉ የውኃውን ሒሳብ ከመጠየቅ ነፃ አይሆንም።

ይህ ውኃ የት ይሄድ ነበር? መቂና ቀታር ወንዞች ወደ ደምበል ይገባሉ። ከደምበል የሚወጣው ቡልቡላ ደግሞ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የሸለቆው የመጨረሻ ተቀባይ እሱ ነው። ላይኛው ሲጠግብ ታችኛው ይጠግባል፤ ላይኛው ሲይዝ ታችኛው ይደርቃል። አቢጃታም እየሸሸ፣ ዳሩ ነጭ ጨው እየሆነ፣ ጨዋማነቱም እየበዛ ሄደ፤ ዓሣውም አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው፣ ለጫጩቶቻቸው ቀለብ ወደ አቢጃታ ይበሩ የነበሩት ፔሊካን የተባሉት ትልልቅ ነጭ ወፎች እንጀራቸው ከዚያ ተቆረጠ። የእንስሳት መብት በሃይማኖታችን ያለውን ቦታ ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ታሪክ በየመድረሳው ይነገራልና።

ሁሉንም በሰማይ ማሳበብ

ታዲያ ጥፋቱ የፈረንጅ አበባ ብቻ ነው? አይደለም! እውነቱን እንናገር። ከመቂ ጀምሮ በየማሳው ዳር የሚያጓራው የውኃ ሞተር የእኛው ወንድሞች ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ነው። ሶዳ አሽ ለማምረት ከአቢጃታ ከራሱ ውኃ ሲቀዳ ዓመታት አልፈዋል። ማን ስንት ሊትር እንደሚቀዳ ለክቶ የሚያስከፍል፣ «ለታችኛው ስንት ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሥርዓት ስላልጸና እያንዳንዱ የቻለውን ወሰደ።

እዚህ ላይ ባለሥልጣን ሲጠየቅ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይላል። ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ከአዳማ በስተምሥራቅ ወደ መተሐራ ብትሄዱ በሰቃ ሐይቅን ታገኛላችሁ። ከ60 ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ወደ ጅቡቲ የሚያልፈውን አስፋልትና የድሮውን የባቡር ሐዲድ ሲያስጨንቅ፣ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ሲውጥ ኖሯል። ያጠኑት ባለሙያዎች ከምክንያቶቹ ዋነኛ የሚያደርጉት፣ በዙሪያው ካለው ሰፊ የመስኖ እርሻ ወደ መሬት የሚሰርገውን ውኃ ነው። እንግዲህ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንዱ ሐይቅ ይደርቃል፣ ሌላው ያጥለቀልቃል። አንዱን ሰማይ አደረቀው፣ ሌላውን ሰማይ ሞላው እንበል? የሰማዩ ለውጥ እውነት ነው፤ ሙቀቱ መጨመሩን፣ ዝናቡ መዛባቱን ማንም ገበሬ ያውቃል። ነገር ግን የእጃችንን ሥራ ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ሌላ ዓይነት ማጉደል ነው። በየብስና በባሕር ብልሹነት የተገለጠው ሰዎች በእጃቸው ባደረጉት ምክንያት መሆኑን ቁርኣን በሱረቱ ሩም አስተምሮናል።

የእኛስ ስፍር?

አሁን ጣሳውን ወደ ራሳችን እናዙር። መንግሥታችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት ቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በ2030 ይለቀቅ ከነበረው በካይ ጋዝ 68.8 ከመቶውን እንቀንሳለን ብሎ ለዓለም ቃል ገባ። ከዚህ ውስጥ በራሳችን አቅም የሚሆነው 14 ከመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው በውጭ እርዳታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ የእኛ ቃል በእነሱ ቃል ላይ ተሰቅሏል፤ የእነሱ ሲጎድል የእኛም ይጎድላል ማለት ነው።

በዓይናችን የምናየው ሥራም አለ። ከአዳማ አጠገብ በኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ማመንጫዎች በ2004 ዓ.ም. 51፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው ተመርቀዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከዚያው ኮረብታ በታች ባሉት የገጠር ቤቶች ዛሬም እናቶች በእንጨትና በኩበት ጭስ ዓይናቸው ይቀላል። ሜጋ ዋቱ በሪፖርት ይቆጠራል፤ የእናቲቱ ጭስ አይቆጠርም።

ዋናው ግን የችግኙ ነገር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ይካሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን 200 ሚሊዮን ለመትከል ታቅዶ ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተባለ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ከ560 ሚሊዮን በላይ ተባለ። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ደግሞ ዕቅዱ 700 ሚሊዮን ነበር። መስጊዶቻችንም፣ ትምህርት ቤቶቻችንም ወጥተው ተክለዋል። መትከል ሱና ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቂያማ ብትቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው አስተምረዋል። ማንም ሙስሊም ይህን ሥራ አይንቅም።

ነገር ግን ያ ሐዲስ የሚናገረው ከኋላው ሌላ ቀን ስለሌለው ሰው ነው። ለእኛ ከሐምሌ በኋላ መስከረም አለ፤ ከመስከረም በኋላ ያ ረጅሙ የስምጥ ሸለቆ በጋ አለ። በሌላው ሐዲስ ደግሞ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ የበላው ሁሉ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ተነግሯል። ልብ በሉ፤ ምንዳው የተያያዘው ከሚበላው ጋር ነው። ፍሬ እንዲበላ ዛፉ መኖር አለበት! ልጅ ወልዶ ዐቂቃ አርዶ፣ እንግዳ ጋብዞ፣ ስም አውጥቶ በማግስቱ ልጁን ሜዳ ላይ የጣለ አባት ምን ይባላል? ችግኝ ተክለን፣ ፎቶግራፍ ተነስተን፣ ለፍየል ትተነው ስንሄድ የምንሠራው እንዲሁ ነው።

«የጸደቀው ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሪፖርት አይወጣም ማለታችን አይደለም፤ ይወጣል። ግን ዕቅዱን ያወጣውም፣ የተከለውም፣ የቆጠረውም፣ መቶኛውን ያወጀውም አንድ አካል ነው። በእስልምና ታሪክ ሙሕተሲብ የሚባል ሹም የነበረው ለምን ነበር? ነጋዴው በራሱ ሚዛን ላይ ራሱ ምስክር እንዳይሆን ነው። የተተከለው በሐምሌ በአደባባይ እንደተቆጠረ ሁሉ፣ የጸደቀውም በግንቦት በአደባባይ ይቆጠር።

ከመንግሥት ወርደን ወደ ቤታችንም እንግባ። ከአዋሽ እስከ መተሐራ፣ ከላንጋኖ እስከ አርሲ ነጌሌ በመንገድ ዳር የተደረደረው በማዳበሪያ የታሰረ ከሰል ትናንት ግራር ነበር። ገበሬው ለምን ያከስላል? ዝናብ ሲጠፋ የሚሸጠው ሌላ ስለሌለው ነው። ማን ይገዛዋል? የከተማው ሰው፣ እኔና እናንተ ነን። ጠዋት ከሰሉን ገዝተን፣ ከሰዓት በኋላ ችግኝ ተክለን፣ ማታ አውሮፓን እንወቅሳለን።

መስጊዳችንም ከዚህ ሚዛን አይወጣም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እፍኝ በሚያህል፣ አንድ ሊትር በማይሞላ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ልጆቻችን በጠሃራ ባብ በቃላቸው ያጠናሉ። ከዚያም ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ከጓደኛቸው ጋር እያወሩ እግራቸውን ያጥባሉ። አዳማ የምትጠጣው አዋሽን ነው። ያ ውኃ ከላይ የአዲስ አበባንና የሞጆን ፋብሪካዎች እጣቢ ተሸክሞ፣ ቆቃ ገብቶ ወጥቶ፣ በብዙ ወጪ ተጣርቶ ይመጣል። ከእኛ በታች ደግሞ እስከ አፋር ድረስ የሚጠብቀው ሕዝብ አለ።

ሁለት ሰበቦች

የመጀመሪያው ሰበብ «እኛ ድሆች ነን፤ ዓለምን ያሞቁት እነሱ ናቸው፤ ስለ ምን እንጠየቃለን?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ትልቁ ዕዳ የእነሱ ነው፤ መብታችንንም ሙሉ አድርገን መጠየቅ አለብን። ነገር ግን ሙጠፊፍ መሆን ሀብት አይጠይቅም። ድሃም ጣሳ አለው። በ2027 እንግዶቹ አዲስ አበባ ሲመጡ «ቃላችሁን ሙሉ» ልንላቸው ነው። «የእናንተስ ችግኝ?» ብለው ቢጠይቁን የምናሳየው ጫካ ነው ወይስ ሪፖርት? የተበዳይ ክርክር የሚጠነክረው የራሱ ሚዛን ቀጥ ሲል ነው።

ሁለተኛው ሰበብ «ዝናብ በአላህ እጅ ነው፤ ቀደር ነው» የሚለው ነው። ዝናብ በአላህ እጅ መሆኑን የማያምን ሙስሊም የለም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለጠየቃቸው ሰው ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ እንዲመካ ነግረውታል። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባመጣው ድርቅ በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ እጁን በዘረጋ ጊዜ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም በቦረና ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ሲቀር የሶላተል ኢስቲስቃእ ሜዳዎች ሞልተው ነበር። የፊቅህ ሊቃውንት ስለዚህች ሶላት ምን ብለው ጻፉ? ኢማሙ ሕዝቡን ከመስገዱ በፊት ተውበት እንዲያደርግ፣ ከበደል እንዲወጣ፣ የሰው ሐቅ ያለበት እንዲመልስ፣ ሰደቃም እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ዝናብ ልመና ራሱ ሚዛን ማስተካከልን ያስቀድማል። የታችኛውን ጎረቤት ውኃ ይዞ ላይኛውን ሰማይ መለመን አደብ አይደለም።

ምን እናድርግ?

ይህ ጽሑፍ ለነቀፋ ብቻ አልተጻፈም። ከትንሹ እንጀምር።

በቤታችን፣ ልጆቻችን ከተከሉት ችግኝ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ በስማቸው እንስጣቸው። አሥር ተክሎ ዘጠኙን ከማድረቅ አንዱን ተክሎ በጋውን በእጣቢ ውኃ ማሳለፍ ይበልጣል። ከሰል የምንቀንስበትን መንገድ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይምከሩ፤ መብራት ባለበት ቤት ቢያንስ ወጡ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራ።

በመስጊዳችን፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች የቧንቧውን ነገር ይመልከቱ። ኢብሪቅ ይመለስ፣ ወይም የቧንቧው ፍሰት ይቀነስ። የውዱእ ውኃ በቦይ ተመርቶ በግቢው ያሉትን ዛፎች ያጠጣ። ኡስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ወቅፍ አደረጉ፤ እኛም ለውኃና ለጥላ ወቅፍ ማድረግ እንችላለን። ኢማሞቻችን በሐምሌ ኹጥባ «ውጡ ትከሉ» እንደሚሉ ሁሉ በኅዳርም «የተከላችሁት እንዴት አደረ?» ይበሉ።

በቀበሌያችንና በወረዳችን ደግሞ እንጠይቅ። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የተተከለው ስንት ነበር? ዛሬ የቆመው ስንት ነው? ከሐይቁ ማን ስንት ይቀዳል? በምንስ ተለካ? ይህን መጠየቅ አመፅ አይደለም፤ ነሲሓ ነው። የስዊዘርላንድ አሮጊቶች ያደረጉትን የባቱና የመቂ እናቶች በጨዋ ደንብ ቢያደርጉት ማን ይከለክላቸዋል?

ውድ አንባቢያን! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ረሕማን ሰማይን ከፍ ማድረጉንና ሚዛንን ማስቀመጡን በአንድነት አውስቷል፤ ሚዛኑንም እንዳንተላለፍ አዟል። ሰማዩን ለማስተካከል ሺህ ጉባኤ ቢጠራ፣ በምድር ያለው ሚዛን ካልቀና ውጤቱ ወረቀት ነው። ከብራስልስም ይሁን ከአዲስ አበባ የሚወጣውን ቃል «ስንት ተባለ?» እያልን ሳይሆን «ስንት ተፈጸመ?» እያልን እንስማው። የእኛንም እንዲሁ።

አላህ ሲቀበሉ ሐቃቸውን ከሚያውቁ፣ ሲሰጡም ከማያጎድሉ ባሮቹ ያድርገን። ሐይቆቻችንን ይባርክልን፤ ዝናቡን የምሕረት ያድርግልን። አሚን።